የጨመርኩት ድንጋይ

ፍልስፍና ተምሬ ቀየት ከተማ ላይ የሥነ ዜጋ መምህር ሆኜ ስመደብ፣ መንዝ በሙሉ እኔን ሲጠብቅ የኖረ መስሎኝ ነበር። የጠበቀኝ ብርዱ ነው። እኔ የመርሐ ቤቴ ልጅ ነኝ፤ ዓለም ከተማ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ያደግኩ ሰው ነኝና፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ገዝቼ ተከናነብኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳየው ፈላስፋ መሰልኩ። በዚያው ሳምንት «የደጋው ጠያቂ» የሚል የፍልስፍና ብሎግ ከፈትኩ።

ስለ ነፃነት፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ መኖርና አለመኖር እጽፍ ነበር። ጽሑፎቼ ረጃጅም ናቸው፤ አንቀጹን ስጀምር የነበረው መብራት አንቀጹ ሳያልቅ ይጠፋል። አንባቢዎቼ ውጤት እንዳልቆርጥባቸው የሚፈሩ ተማሪዎች፣ ደብረ ብርሃን ያለ የአክስቴ ልጅና እመቤት ነበሩ። እመቤት የአገሩ ልጅ ናት፤ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ሆና ትሠራለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ፦

«ስለ ጊዜ የጻፍከውን አነበብኩት» አለችኝ።

«እንዴት አገኘሽው?»

«ጨረስኩት።»

ሌላ ነገር ትጨምራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጨመረችም። ትንሽ ከሄደች በኋላ ዞር ብላ፣ «ሁልጊዜ አንተ ብቻ ለምን ታወራለህ? እስቲ ሰዉም ይጻፍ» አለችኝ። ተናደድኩ። ማታውን ሐሳቡን የራሴ አስመስዬ እንዲህ ስል ለጠፍኩ፦

«አንባብያን ሆይ! እንቅልፍ የነሳችሁን አንድ ጥያቄ በአጭሩ ጽፋችሁ ላኩልኝ። ፍልስፍና መማር አያስፈልግም። ስማችሁ እንዲወጣ ካልፈለጋችሁ በብዕር ስም ይሁን፤ ምሥጢራችሁ ከእኔ አይወጣም።»

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። የአክስቴ ልጅ አበባ ያለበት የመልካም ሰንበት ምስል ላከልኝ። አንድ ተማሪ ደግሞ እንቅልፍ የነሳውን ጥያቄ በእውነት ላከ፦ «መምህር፣ ፈተናው መቼ ነው?» ተስፋ ቆርጬ ጥሪውን ላነሳው ስል «ታራቂ» ከሚል የብዕር ስም ይህ መጣልኝ፦

«ከተጣላሁት ሰው ጋር ሽማግሌ አስታረቀኝ። ማልኩ፣ ተሳሳምን፣ አብሬው በላሁ። አፌ ታርቋል። ልቤ ግን እስከ ዛሬ አልታረቀም። ሳገኘው ፈገግ እላለሁ፤ ሲሄድ ፊቴ ይከብደኛል። እኔ ታርቄአለሁ ወይስ ዋሽቻለሁ?»

ይኸው ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ የከነከነኝም እሱ ነው። እኔ በአንድ ገጽ የማልደርስበት ቦታ ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ደርሶ ተቀምጧል። አዘጋጅ ነኝና የሆነ ጉድለት ልፈልግለት ይገባ ነበር። ፈለግኩና አገኘሁ፦ ጽሑፉ ሥዕል የለውም።

ሥዕሉ በእጄ ነበር። በአገራችን በደም የሚፈላለጉ ሰዎች ሲታረቁ፣ የበዳይ ወገን በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይቅርታ ይለምናል። ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርደውም። ከጥቂት ጊዜ በፊት አረቄ ቤት አንድ ሽማግሌ ስለ አንዲት እርቅ አጫውተውኝ ነበር፤ ይቅርታ የሚለምነው ሰው ድንጋዩ ከአንገቱ ተንሸራቶ እግሩን ሰብሮታል። «ማን ነው ሰውየው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የታረቀ ሰው ስሙ አይነሳም» ብለው ወደ መለኪያቸው ተመለሱ። ስም ከሌለው ባለቤት የለውም ማለት ነው ብዬ፣ ከታራቂ ጽሑፍ መካከል ይህችን ሰካሁ፦

«ድንጋይ ተሸክሞ ሲለምነኝ ድንጋዩ ወድቆ እግሩን ሰበረው። ሁሉም ደነገጠ። እኔ ግን ደስ አለኝ።»

«እኔ ግን ደስ አለኝ» የምትለዋን ስጽፍ ራሴን በጣም ወደድኩት። ለጠፍኩትና ተኛሁ።

ጠዋት የታራቂ መልእክት ቀድሞኝ ተነስቷል። «ድንጋይ የሚለውን እኔ አልጻፍኩም። እባክህ አውጣው።» እኔም ለተማሪ እንደማስረዳ ሆኜ፣ «ወዳጄ፣ ይህ አርትዖት ይባላል። ጽሑፍህ አጥንቱ ጥሩ ነው፤ ሥጋ ጎድሎት ነበር» ብዬ መለስኩ። ከዚያ በኋላ አልጻፈልኝም። ገባው ማለት ነው አልኩ።

ጽሑፏ ከስልክ ስልክ ስትዞር ሰነበተች። በገበያው ቀን ወደ ገበያ ስወርድ ሰዉ በዓይኑ ይሸኘኝ ጀመር። ገብስ ሻጮቹ መስፈራቸውን አቁመው አዩኝ። ባናዬን አስተካክዬ፣ ዝና ማለት ይህ ነው እያልኩ፣ ገበያውን ያለ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ዞርኩት። አንድም ሰው «እንዴት ዋልክ» አለማለቱን ያስተዋልኩት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ቤቱ የጋሽ ሽበሺ ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ጓሮ ያለችውን ክፍል አከራይተውኝ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። የራሳቸው ልጅ ደምሴ እስር ቤት ነው፤ ጊዜውን ጨርሶ በዚያ ሰሞን ሊፈታ ቀርቦ ነበር። ለምን እንደታሰረ አልነገሩኝም፤ እኔም ስለ ነፃነት እየጻፍኩ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። እትዬ ብርቄ ለመምጫው ጠላ ጠንስሰው፣ በየቀኑ ጋኑን ዳሰስ እያደረጉ ይውሉ ነበር። የዚያን ቀን ከጋኑ አጠገብ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ጋሽ ሽበሺ ደጃፍ ላይ ነበሩ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ያንን ጽሑፍ ማን ነው የላከልህ?»

«የትኛውን ጋሽ ሽበሺ?»

«እግሬን የሰበረውን።»

ቀኝ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተውታል። ያንን እግር በየማለዳው ሲጎትቱት አይ ነበር። ሪህ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ስለ ሪህ ሰፊ ምክር ሰጥቻቸዋለሁ። እሳቸውም እስክጨርስ በትዕግሥት ሰምተው አመስግነውኛል።

ያኔ ነገሩን ነገሩኝ። ደምሴ በግጦሽ ተጣልቶ የአቶ ገረመውን ታናሽ ወንድም በዱላ መትቶት ሰውየው ሞተ። ልጁ ታሰረ። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው ሲፈታ ወደ ቀየው እንዲመለስ ብለው፣ ሽማግሌ ልከው፣ ድንጋይ ተሸክመው አቶ ገረመው ፊት አጎነበሱ። አቶ ገረመው የእመቤት አባት ናቸው።

«ገረመው ፊደል አልቆጠረም። ልጂቱ ናት የጻፈችለት» አሉ ጋሽ ሽበሺ። «ታርቀናል ብዬ ስበላ ስጠጣ፣ እሱ ደስ ብሎት ኖሯል። በተሰበረ እግሬ ደስ ያለው ሰው ልጄን ይተውልኛል? ወይ ልጄ እንደወጣ ይቅር፣ ወይ እኔም ጠመንጃዬን አውርጄ ልጠብቀው።»

ይህ «የኔ ጥፋት ነው» የሚባልበት ቦታ ነበር። አፌም ተከፍቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሽ ሽበሺ፣ የጸሐፊን ምሥጢር አላወጣም። ቃል ገብቻለሁ።»

አተኩረው አዩኝ። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁና «መቼም ወንድ ነህ» አሉኝ። ይህን የመሰለ ክብር በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም፤ ተቀብዬው ወደ ክፍሌ ገባሁ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ጽድ ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ጉሙ ገና አልተገለጠም። ሰብሳቢው አቶ ዘውዴ የዚያ እርቅ ዋና ሽማግሌ የነበሩ ናቸው፤ ከጎናቸው ቄሱ መምሬ ተክሌ ተቀምጠዋል። በአንድ ወገን ጋሽ ሽበሺና ወንድሞቻቸው፣ በሌላው ወገን አቶ ገረመው ከልጆቻቸው ጋር። አቶ ገረመው ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እመቤት ከአባቷ ኋላ ቆማለች። እኔን መሐል ላይ አስቀመጡኝ።

አቶ ዘውዴ ጀመሩ። «ይህን እርቅ ያወረድነው እኛ ነን። ‹ያፈረሰ ይፍረስ› ብለን ዘግተነው ነበር። ዛሬ ተከፍቶ አገኘነው። መምህር፣ ማን ነው የከፈተው?»

ተነሳሁ። ስለ ጸሐፊ መብት ተናገርኩ። ስለ ሕሊና ነፃነት ተናገርኩ። ቃል ኪዳን በሰው ልጅ አኗኗር ውስጥ ስላለው ቦታ ጥቂት አልኩ፤ ጥቂት የመሰለው ለእኔ ነው።

«ልጄ» አሉ መምሬ ተክሌ ቀስ ብለው፣ «ስብከቱ እኮ ቅድም አልቋል።»

ተቀመጥኩ። የሚገርመው ግን አከበሩኝ። «ምሥጢር መጠበቁስ ደግ ነው፤ አናስገድደውም» አሉ አቶ ዘውዴ። «እንግዲያው እመቤት አለመጻፏን ቤተ ክርስቲያን ገብታ ትማል።»

«አልምልም» አለች እመቤት።

«ለምን?»

«አልጻፍኩማ። ላልሠራሁት ነገር የእግዜርን ስም ለምን እጠራለሁ?»

«አያችሁ» አሉ ጋሽ ሽበሺ።

«ልጄን ማንም አያስምላትም» አሉ አቶ ገረመው፤ በትራቸውን ይዘው ተነሱ። ጋሽ ሽበሺም በዚያ እግራቸው ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ ወንድሞቻቸው ተነሱ፤ የአቶ ገረመውም ልጆች ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ብድግ አሉ። መምሬ ተክሌ መስቀላቸውን አውጥተው መሐል ገቡ። እትዬ ብርቄ ከሩቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። የማስበው ስለ ጋኑ ጠላ ነበር፤ ለመምጫ የተጠነሰሰው ለለቅሶ ሊሆን ነው።

እመቤት አየችኝ። «መምህር፣ ዝም ትላለህ?»

«ድንጋዩ የኔ ነው» አልኩ።

ማንም አልሰማም። ክፍል ውስጥ እስከ ኋላ ወንበር የሚደርሰው ድምፄ የት እንደገባ እንጃ። ደገምኩት።

«ምን አለ?»

«ድንጋዩን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ‹ደስ አለኝ› የሚለውንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። የተላከልኝ ጽሑፍ ውስጥ የለም። የላከውን ሰው አላውቀውም፤ አውጣው ብሎኝም እንቢ ብዬዋለሁ። አረቄ ቤት ነው የሰማሁት። የጋሽ ሽበሺ መሆኑን አላወቅኩም።»

አቶ ዘውዴ በጣም ግራ ገብቷቸው ጠየቁኝ።

«ለምን ጨመርከው?»

መልስ ፈለግኩ። አራት ዓመት የተማርኩትን ሁሉ አገላበጥኩ። ያገኘሁት አንድ ነው።

«እንዲያምር ብዬ።»

ጋሽ ሽበሺ ወደ እግራቸው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ። «አማረልህ?» አሉኝ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ጉሙ ወርዶ ቢሸፍነኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ሲፈለግ አይገኝም።

«የተላከልህን እንዳለ አንብበው» አሉ አቶ ዘውዴ። ስልኬን አውጥቼ አነበብኩ። አፌ ታርቋል፣ ልቤ ግን አልታረቀም። ስጨርስ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ጋሽ ሽበሺ ግን አልተቀመጡም።

«ይሄኛውስ?» አሉ ወደ አቶ ገረመው ዞረው። «ይሄኛውም ያንተ አይደለም?»

«አልጻፍኩትም» አሉ አቶ ገረመው። «ግን ፊት ለፊት ከጠየቅከኝ አልዋሽህም። ልቤ አልታረቀም።»

«ገረመው» አሉ መምሬ ተክሌ።

«ይተዉኝ መምሬ። ወንድሜ ነው የሞተው። ሳየው እስቃለሁ፤ ምዬአለሁና። ልቤን የጠየቀኝ ሽማግሌ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ሽበሺ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ቤቴ ስትመጣ ትንሽ ነው የምትቆርሰው። ሌላ ሰው ቤት ስትበላ አይቼሃለሁ።» ቆም አሉ። «እኔም አልወድህም። ድንጋዩን ተሸክሜ ሳጎነብስ ‹አውርድ› ሳትለኝ ቆየህ። ከድካም ነው የወደቀብኝ። ቆይተሃል።»

«ቆይቻለሁ።»

«ሲሰብረኝ ደስ አለህ?»

አቶ ገረመው ዱላቸው ላይ ተደግፈው መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩ። የሚዋሹ ቢሆን ኖሮ ቶሎ በመለሱ ነበር።

«ደስ ይለኛል ብዬ ነበር» አሉ። «አላለኝም።»

ጋሽ ሽበሺ ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት። ተቀምጠው የጠየቁት ጥያቄ የመጡበትን ጉዳይ ሁሉ ይዞ ነበር።

«ልጄ ይምጣ?»

«ይምጣ።»

«አትነካውም?»

«አልነካውም። ልጆቼም አይነኩትም። አልወደውም። ግን አልነካውም።»

አቶ ዘውዴ ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አዩ። «ይበቃል» አሉ። መምሬ ተክሌ ጸሎት አደረጉ። እኔም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩና ባናዬን ሰብሰብ አድርጌ ልነሳ ስል፣ «ቆይ፣ አንተ የት ትሄዳለህ?» አሉኝ አቶ ዘውዴ። «የተዘጋ የከፈተ ይቅርታ ይጠይቃል። ድንጋይ አምጡለት።»

አንዱ ጎልማሳ ቀለል ያለች ድንጋይ አነሳ። እመቤት፣ «ያ ትልቁ ይሻለዋል» አለች። ትልቁ መጣ። አንገቴ ላይ ጫኑኝና በሁለቱ ሰዎች ፊት አጎነበስኩ። ጋሽ ሽበሺ ቶሎ ማሩኝ፤ «እግርህን ጠብቅ» ብቻ አሉኝ። አቶ ገረመው ግን ዝም አሉ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚያ ከባድ ሆነ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ማሰብ አልተቻለኝም። ስለ ጊዜ የጻፍኩት ያ ሁሉ ገጽ ስህተት መሆኑን የተረዳሁት እዚያ ላይ ነው። ድንጋዩን በሁለት እጄ ደግፌ ስይዝ «አውርድ» የሚል የአቶ ገረመው ድምፅ ሰማሁ።

ማታውን ድንጋዩን ከጽሑፉ አወጣሁና ከሥሩ ይቅርታ ጻፍኩ። ታራቂ አጭር መልእክት ላከልኝ፦ «አሁን የኔ ሆነ።» ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከቀየት ይሁን፣ ከራቤል፣ ወይ ጨርሶ ከሌላ አገር፣ አልጠየቅኩትም። እዚያ ጽድ ሥር ከነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ግን ሲነበብ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። የአቶ ዘውዴም ዓይን እዚያው ነበር።

አንባብያን ሆይ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠህ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ትሕትና አስተማረኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አሁንም ስለ ራሴ ከሁለት ሺሕ ቃላት ያላነሰ እየጻፍኩ ነው። የተለወጠው ይህ ነው፦ በፊት የሰው ጽሑፍ ሲደርሰኝ «ምን ይጎድለዋል?» ብዬ ነበር የምጀምረው። አሁን «ይሄ የማን እግር ነው?» እላለሁ። ሌላም አለ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ ያልታረቀበት እርቅ ውሸት ነው የሚል ጽሑፍ በደስታ የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ልቡ አልታረቀም ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው፣ በዚያው አፉ «ይምጣ» ሲል ከሰማሁ በኋላ ግን ያንን ጽሑፍ መጻፍ አቃተኝ። ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። እሳቸው ያደረጉትን ነገር የምጠራበት ቃል የለኝም፤ ይህንንም ስናገር አፍራለሁ፤ ቃል ይኑርህ ተብዬ ነበርና የተመረቅኩት።

ስለዚህ ጥሪዬን ዛሬ እደግመዋለሁ። እንቅልፍ የነሳችሁን ጥያቄ ላኩልኝ፤ አጭር ይሁን። ባማረ ቋንቋ ባይጻፍም ግድ የለም። ነጠላ ሰረዝ ብትስቱ አስተካክላለሁ፤ ከዚያ አልፌ አንድ ቃል ከጨመርኩ ድንጋዩ ጽዱ ሥር አለ፤ እመቤትም የትኛው እንደሆነ ታውቀዋለች።

ደምሴ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ከደብረ ብርሃን የመጣው አውቶቡስ ሲያወርደው ጋሽ ሽበሺና እኔ መንገድ ዳር ቆመናል። ፌስታል በእጁ ይዟል፣ እናቱ ቤት ከሰቀሉት ፎቶግራፉ ይልቅ አርጅቷል። ወደ ቤት ስንሄድ በጠባቡ መንገድ ላይ አቶ ገረመው በጎቻቸውን እየነዱ ፊት ለፊት መጡብን። ደምሴ ቆመ። ጋሽ ሽበሺም ቆሙ። ተቃቀፉ ብዬ ልጽፍላችሁ ምን ያህል እንደፈለግኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አልተቃቀፉም። ቃል አልተነጋገሩም። አቶ ገረመው በጎቻቸውን በዱላቸው ወደ ዳር ሰበሰቡና፣ ፈቀቅ ብለው መንገዱን ለቀቁለት።